ዳሚቱና ጠባቧ በር

ተረት ተረት! "የላም በረት" እንዳትሉኝ። የዛሬው ተረት በረት ውስጥ አይደለም፤ እዚሁ ነው፣ በየቆዳችሁ ሥር። አንተ ጥግ ያለኸው፣ ክንድህን መቧጨር ተውና ስማ። የምትቧጭረው አገር ሕዝብ አለበት!

በድሮ ዘመን፣ ጣና ዳር፣ ማንጠግቦሽ የምትባል ልጅ ነበረች። ብርቱ ናት። ታንኳ ትቀዝፋለች፣ ዓሣ ታጠምዳለች፣ ከአባቷ ቀድማ ማዶ ትደርሳለች። እናቷ ከዳር ቆማ "ኧረ ቀስ በይ አንቺ ልጅ!" እያለች ስትጮህ ነው የምትውለው።

ተረቱ ግን የማንጠግቦሽ አይደለም፤ በማንጠግቦሽ ውስጥ ስለነበረው አገር ነው።

ምን ያስቃል? አገር አለ ካልኩ አለ! ወንዝ የመሰለ ጎዳና አለው፣ ፀጉር የመሰለ ቀጭን መንገድ አለው፣ ከራስ ቅል እስከ ጥፍር የሚያዳርስ።

የዚያ አገር ንጉሥ ልብ ነው። ንጉሥ ልብ እንደ ሌላ ንጉሥ አይደለም። አይተኛም፣ ግብር አይበላም፣ አደን አይወጣም። ቀን ከሌት ነጋሪቱን ይጎስማል። ድም ድም! ተነሱ! ድም ድም! ሂዱ! አዋጁ ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልተማረም።

ሕዝቡ ደግሞ ቀዮቹ ተሸካሚዎች ናቸው። ክብ ናቸው፤ መሐላቸው ጎድጎድ ያለ፣ ጣት የተጫነበት የሊጥ ድቡልቡል ይመስላሉ። ሥራቸው አንድ ነው። ከሳንባ እስትንፋስ ይጭናሉ፣ ላገሩ ሁሉ ያደርሳሉ፣ ሲመለሱ ያደፈውን አየር ይዘው ሳንባ ላይ ይደፋሉ። ደግሞ ይጭናሉ።

ለፊታውራሪ አንጎል ያደርሳሉ። ፊታውራሪ አንጎል ከሁሉ በላይ ይቀመጣል፣ ከሁሉ በላይ ይበላል፤ እስትንፋሱ ለአፍታ ከዘገየ ይቀባዥራል። ለጉበት ያደርሳሉ። ካገር ዳር ላለችው ለትንሿ የእግር ጣት እንኳ ያደርሳሉ። ትንሿ ጣት "ለእኔስ ተርፏል?" ስትል "አለሽ፣ አለሽ!" ይሏታል። አንድም ቀን "አልቋል" ብለዋት አያውቁም።

እነዚህ ተሸካሚዎች የሚወለዱት አጥንት ውስጥ ነው፣ መቅኔ በሚባለው ሰፈር። ሲወለዱ እንደማንኛውም ፍጡር ሆዳቸው ውስጥ ጓዳ አላቸው። ጓዳ ያለው ፍጡር ቢጎዳ ይጠገናል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ዕድሜው ይረዝማል። እነሱ ግን ከመቅኔ ሲወጡ ጓዳቸውን አውልቀው እደጃፍ ጥለውት ይሄዳሉ።

"ምነው?" ቢሏቸው፣ "ጓዳ ቦታ ይይዛል፤ ቦታው ለጭነት ይሁን" ይላሉ። በዚህ የተነሳ ዕድሜያቸው አጭር ነው። ሰኔ ላይ የተወለደ መስከረም ላይ ያረጃል። ደጎች ናቸው፣ ምን ይደረግ። ከደግነታቸውም የተነሳ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ "ተሸከሙኝ" ያለን ጭነት እምቢ አይሉም፣ "ከየት ነህ?" ብለውም አይጠይቁም።

በግራ ጎን፣ ከጎድን ሥር፣ እማማ ጣፊያ የሚባሉ አሮጊት ይኖራሉ። የእማማ ጣፊያ በር ጠባብ ነው፤ ከተሸካሚ ወገብ ይጠብባል። ተሸካሚ ሁሉ በየጊዜው በዚያ በር መሹለክ አለበት። ሰውነቱ የለሰለሰ ይታጠፍና እልም ብሎ ያልፋል። ያረጀና የደረቀ ግን አያልፍም። ያላለፈውን እማማ ጣፊያ እቅፍ አድርገው "በቃ ልጄ፣ ደክመሃል፣ እዚህ እረፍ" ይሉታል። ከገላው ብረቱን አውጥተው ወደ መቅኔ ይልኩታል፤ በዚያ ብረት አዲስ ተሸካሚ ይሠራበታል።

አዎ፣ ብረት! ምነው አፈጠጥሽ? ደምሽን ያቀላው ብረት ነው። ምስሩን "አልፈልግም"፣ ጎመኑን "አልፈልግም" ብለሽ ስትገፊ ብረት እየገፋሽ ነው። እናትሽ ስትቆጣሽ አይቻለሁ፣ ዝም ስላልኩ ያላየሁ እንዳይመስልሽ።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

ከተሸካሚዎቹ መሐል ዳሚቱ የምትባል ነበረች። ዳሚቱ ችኮ ናት። አንዴ አይሆንም ካለች አይሆንም ነው፣ አንዴ እሄዳለሁ ካለች ሄዳለች። ሞላልኝ የሚባል አብሮ አደግ ነበራት፤ ከአንድ አጥንት ባንድ ቀን የወጡ ናቸው። ሞላልኝ የዋህና ገራገር ነው፤ ሁሉን ያምናል።

አንድ ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ማንጠግቦሽ ታንኳዋን ስታስር ቢምቢ ነከሳት። ጧ አድርጋ ገደለቻት። ምን ዋጋ አለው! ቢምቢዋ መንገደኛ ጭና ነበር፣ እሱ ወርዷል።

መንገደኛው ንዳድ ይባላል፤ እናንተ ወባ የምትሉት። ንዳድ ሌባ ነው። ክንዱ ደካማ ነው፣ ምላሱ ግን ቅቤ ነው። መጀመሪያ ጉበት ቤት ሄደና "የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ" አላት። ጉበትም አሳደረችው። እዚያ ተደብቆ ሰነበተ፣ ልጆች ፈለፈለ፣ ልጆቹም ልጆች ፈለፈሉ። ከዚያ ጭፍራውን አስከትሎ ጎዳና ላይ ወጣ።

ንዳድ የተሸካሚዎቹን ልማድ ያውቅ ነበር። ከመንገዱ ዳር ቆመና ድምፁን አለስልሶ ተጣራ።

"እናንተ ደጋጎች! እኔም ጭነት ነኝ፤ ተሸከሙኝ!"

አንደኛው ተሸካሚ "እሺ፣ ግባ" አለ። ሁለተኛዋም "እሺ፣ ግባ" አለች። ሦስተኛው ሞላልኝ ነበር። ሞላልኝማ "ውይ፣ ቆመህ ቆየህ እንዴ? ግባ፣ ግባ!" ብሎ ንዳድን እራሱን፣ የሌቦቹን አለቃ፣ አስገባው።

ንዳድ ገባ። ገብቶ ዝም አለ? የለም። የሞላልኝን ቅላት ከውስጥ ይበላ ጀመር። ሞላልኝ ከበደው፣ ደረቀ፣ አበጠ።

"ደክሞሃል እኮ ወንድሜ" አለው ንዳድ ከውስጥ። "ከግድግዳው ጠጋ በልና አረፍ በል።"

"ወደ እማማ ጣፊያ በር መሄድ አለብኝ" አለ ሞላልኝ።

"ምን ይወስድሃል? ያቺ አሮጊት ሰው በላ ናት! ስንቱ ገብቶ ቀርቷል! እዚሁ ተቀመጥ።"

ሞላልኝም ተቀመጠ። ከመንገዱ ግድግዳ ጋር እንደ ሙጫ ተጣበቀ። ሌሎቹም ተቀመጡ፣ እነሱም ተጣበቁ።

ንዳድ ለሞላልኝ አዝኖ ይመስላችኋል? ሌባ ለማን ያዝናል! ሌባ የገባበት ተሸካሚ ሰውነቱ ይደርቃል፣ በጠባቧ በር አይታጠፍም። እማማ ጣፊያ በሩ ላይ ከያዙት ሌባውም አብሮ ተያዘ። ንዳድ በዚያ አገር ውስጥ ንጉሡን አልፈራም፣ ፊታውራሪውን አልፈራም። የፈራው አንዲት አሮጊትና አንዲት ጠባብ በር ብቻ ነው።

የሌባው ጭፍራ ተሸካሚውን በልቶ ሲጨርስ ያፈነዳዋል፤ ልጆቹ ይበተኑና ደግሞ "ተሸከሙን!" ይላሉ። ያም "እሺ" ይላል። ደግነት እንዲህ ጉድ ያፈላል።

ማንጠግቦሽስ? ማንጠግቦሽ ታመመች። እናቷ ጋቢ ስትደርብላት ትንቀጠቀጣለች፣ ጋቢውን ስትገፍላት ትቃጠላለች። ታንኳ ቀዛፊዋ ልጅ ውኃ እንድትጠጣበት የሰጧትን ቅል መያዝ አቃታት። ወደ አንጎል የሚወስደው ቀጭን መንገድ በተቀመጡት ተዘግቶ እስትንፋስ አላልፍ አለ። አንድ ቀን ማንጠግቦሽ ዓይኗን ገልጣ እናቷን አየቻትና "ማነሽ?" አለቻት።

እናት ይህን ስትሰማ ምን ትሁን? ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ሐኪሙ መራራውን መድኃኒት ሰጣት። "መድኃኒቱ ከደረሰላት ትድናለች" አለ።

ከደረሰላት! መድኃኒት በምን ይሄዳል? በመንገድ ነዋ። መንገዱስ? ተዘግቷል።

ይኼኔ ዳሚቱ ከሳንባ ሙሉ እስትንፋስ ጭና ወደ አንጎል ስትበር መጣች። ድም ድም! ተነሱ! ድም ድም! ሂዱ! መንገዱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ግራና ቀኙ ተጣብቋል፣ መሐሉ ላይ ክር የምታህል ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች።

"ተነሱ እንጂ! ምን ሆናችኋል?" አለች።

ማንም አልተነሳም። ዳሚቱ ተኮራመተች፣ ተጣጠፈች፣ ጎኗ እየተላጠ በዚያች ክር በምታህል ቀዳዳ ሾለከች። ፊታውራሪ አንጎል ጋ ስትደርስ ሲቀባዥር አገኘችው። የያዘችውን ሰጠችው። ማንጠግቦሽ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ "እማ" አለች።

ያቺ አንዲት "እማ" የዳሚቱ ጭነት ናት። ዳሚቱ ግን አንድ ሆና ስንት ልታደርስ ትችላለች? "ይህ በእኔ ብቻ አይሆንም፤ መንገዱ መከፈት አለበት" አለችና ተመለሰች። ከተጣበቁት መሐል ሞላልኝን አየችው። ቅላቱ ነጥቷል፣ ፊቱ አባብጧል።

"ሞላልኝ! አንተ ነህ እንዴ? ማን እንዲህ አደረገህ?"

"ጭነት ይዣለሁ" አለ ሞላልኝ ባለቀ ድምፅ። "ጭነቱ አረፍ በል አለኝ።"

"ጭነት አፍ አለው እንዴ?" አለች ዳሚቱ። "እስትንፋስ ስትሸከም አናግሮህ ያውቃል?"

ሞላልኝ እንባ ቢኖረው ያለቅስ ነበር። "አታልሎኛል፣ ዳሚቱ። ማንጠግቦሽን የገደልኳት እኔ ነኝ።"

"አልሞተችም!" አለች ዳሚቱ በቁጣ። "ሳትሞት አትቅበራት!"

ንዳድ ከውስጥ ሰማ። ወጣት ድምፅ ነው፣ ያልተበላ ገላ ነው። ሞላልኝ ደግሞ እያለቀበት ነው። አፉ ምራቅ ሞላ።

"እህቴ፣ ደጓ እህቴ፣ እኔም ጭነት ነኝ፤ ተሸከሚኝ" አላት።

ዳሚቱ ዓይን ዓይኑን አየችው። ማን እንደሆነ አውቃለች፣ ምን እንደሚያደርጋትም አውቃለች። ወዴት እንደምትሄድ ግን እሱ አላወቀም።

"እሺ፣ ግባ" አለችው።

"ዳሚቱ፣ ተይ!" ብሎ ሞላልኝ ጮኸ።

ንዳድ ሞላልኝን ሰንጥቆ ወጥቶ ዘሎ ገባባት። ሞላልኝ ተቀደደ፤ ግን ገና ነፍሱ አልወጣችም። ዳሚቱ ከበዳት። ደረቀች፣ አበጠች። ሌባው ከውስጥ ቅላቷን ሲግጥ ይሰማታል፣ ያማታልም። ፊቷን አዞረችና ወደ ግራ ጎን መንገድ ጀመረች።

ድም ድም! ተነሱ! ድም ድም! ሂዱ!

ጥቂት እንደሄደች ንዳድ "ደክሞሻል እህቴ፣ ከግድግዳው ጠጋ በይ" አላት።

"ተሸካሚ አይቀመጥም" አለች፤ ሄደች።

ደግሞ ጥቂት እንደሄደች "ስሚኝማ" አላት። "እደጃፍ የጣልሽውን ጓዳ እመልስልሻለሁ። ትጠገኛለሽ። ልጅ ትወልጃለሽ። መስከረም አልፎ ጥቅምትን ታያለሽ፣ ገናን ታያለሽ።"

እዚህ ላይ ዳሚቱ ቀስ አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አማራት። ዕድሜ ማን ይጠላል? እኔም አልጠላም፣ እናንተም አትጠሉም። ንጉሥ ልብ ነጋሪቱን መታ። ድም ድም! የአሁኑ ምት ግን ደካማ ነበር፣ እጁ የዛለ ሰው ምት። ዳሚቱ ያን ሰማች።

"ጓዳዬን የጣልኩት የማንጠግቦሽ እስትንፋስ እንዲገባበት ነው" አለችው። "አንተ እንድትተኛበት አይደለም።" ሄደች።

ለሦስተኛ ጊዜ ንዳድ ቅቤ ምላሱን ተወና ጮኸ። እጁን በዳሚቱ ገላ አውጥቶ ግድግዳውን ያዘ። "አንቺ ደንቆሮ! ከዚያ በር አታልፊም! ትሞቻለሽ!"

"አውቃለሁ" አለች ዳሚቱ። እጁን ከግድግዳው ፈልቅቃ፣ እየተጎተተች፣ ሄደች።

ጠባቧ በር ደረሰች። እማማ ጣፊያ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩዋት።

"ውይ፣ ዳሚቱ! ገና ልጅ እኮ ነሽ። ምነው እንዲህ አበጥሽ? አታልፊም፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ፣ እማማ። ለማለፍ አልመጣሁም። ሌባ ይዤ ነው የመጣሁት።"

ንዳድ ከውስጧ ጮኸ። "እማማ፣ ውሸቷን ነው! እኔ ጭነት ነኝ!"

እማማ ጣፊያ ሳቁ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው፣ ልጄ። ጭነት ከሆንክ ማን ጫነህ?"

ንዳድ ወደ ውስጥ ሸሸ።

"ለማን ትደርሳለህ? ባትደርስ ማን ይራባል?"

ንዳድ አፉን ከፈተ፣ ከደነ። ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። እማማ ጣፊያ ዳሚቱን እቅፍ አድርገው ሌባውን ከውስጧ ጎትተው ዋጥ! አደረጉት። አለቀ። ቅቤ ምላሱም አብሮ ወረደ።

ሞላልኝ ዳሚቱ በየት በኩል እንደሄደች አይቷል። የተቀደደ ገላውን ሰብስቦ፣ እየተላቀቀ፣ "እናንተ! ዳሚቱ ወደ በሩ ሄዳለች! ሌባ ይዛችሁ ምን ትቀመጣላችሁ?" ብሎ ጮኸ። ደጎች አልኳችሁ እንጂ ፈሪዎች መቼ አልኩ! አንዱ ተነሳ። ሁለተኛዋ ተነሳች። ከዚያ ወዲያ የተነሳውን ማን ይቆጥራል! በየሆዳቸው ሌባ እንደያዙ ወደ ጠባቧ በር ጎረፉ። ሞላልኝ ከፊት ነበር። እሱም አላለፈም፤ እማማ ጣፊያ አቀፉት።

መንገዱ ተከፈተ። መራራው መድኃኒት ይኼኔ ገባና የቀሩትን የንዳድ ልጆች ከየተደበቁበት እያነቀ ጨረሳቸው። ያልተነኩት ቀዮች ከሳንባ እስትንፋስ ጭነው ወደ ላይ በረሩ። ፊታውራሪ አንጎል በላ፣ ጠገበ፣ መቀባዠሩን ተወ።

ማንጠግቦሽ ዓይኗን ገለጠች። እናቷ ጎንበስ ብላለች።

"ማነኝ?" አለቻት እናቷ፣ እየፈራች።

"ምን ማለትሽ ነው?" አለች ማንጠግቦሽ። "እማ ነሽ እንጂ! ታንኳዬን ማን አሰረልኝ?"

እናቷ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች።

ማንጠግቦሽ ዳነች፤ ግን ነጥታ ነበር። መዳፏ ነጭ፣ ከንፈሯ ነጭ። እንዴት አትነጣ? ስንት ቀይ ሄዶባታል። የእማማ ጣፊያ ቤት በእንግዳ ሞልቶ ግራ ጎኗ አብጦ ነበር። እናቷ ምስር አበላቻት፣ ጎመን አበላቻት፣ ጉበት ጠብሳ አበላቻት። ማንጠግቦሽ "አልፈልግም" አላለችም። ሰማሽ አንቺ?

እማማ ጣፊያም የዳሚቱን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ይህችን ብረት በከንቱ እንዳታደርጉብኝ" ብለው ወደ መቅኔ ላኩት። በመቅኔ አዲስ ተሸካሚ ተሠራ። እደጃፍ ላይ ጓዳዋን አውልቃ ጣለች። "ጓዳሽን አትፈልጊም?" ቢሏት፣ "ቦታው ለጭነት ይሁን" አለችና ሄደች። ችኮ ናት አሉ፣ ይህችኛዋም።

ቀዮቹ ከዚያ ወዲህ ጭነቱን ሁሉ እየጠየቁ ይጭናሉ ብላችሁ እንዳትታለሉ። አይጠይቁም። ዛሬም ደጎች ናቸው፣ ዛሬም "እሺ፣ ግባ" ይላሉ። ስለዚህ አጎበሩን የምትዘጉት እናንተ ናችሁ። ትኩሳት ሲይዛችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ የምትሄዱትም እናንተ ናችሁ። ዳሚቱ ድርሻዋን ጨርሳለች።

ከጠባቧ በር የሚያሸሽህ ሌባ ነው። "አረፍ በል" ስላለህ ወዳጅ አይምሰልህ፤ ማን ጫነህ፣ ለማን ትደርሳለህ ብለህ ጠይቀው።

ተረቴን መልሱ፤ በዳቦ አፌን ማበሱ ዛሬ ይቅርባችሁ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። ዝም በሉ። ሰማችሁ? ተነሱ ይላል። ሂዱ ይላል። አሁን፣ እዚህ ቁጭ ብላችሁ እኔን ስትሰሙ፣ አንዷ ዳሚቱ ለትንሿ የእግር ጣታችሁ "አለሽ" እያለቻት ነው።